ከምድጃው አጠገብ የነበሩት አይጦች

የመምህር ልየውን ሞት የሰማሁት በሦስት ጥሪ ተከፋፍሎ ነው። የመጀመሪያው «ጋሽ ኑሩ፣ መምህር ልየው እኮ…» ብሎ ተቆረጠ። ሁለተኛው «ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ገብቶ…» ብሎ ተቆረጠ። ከዚያ ስልኩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመሐሉ አንዲት ሴት ባልዲ ልትገዛ መጥታ ዋጋ ቀንስ ስትለኝ፣ ባለችው ሰጠኋት። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ባልዲውን ወደ ብርሃን አንስታ ቀዳዳ ፈለገችበት። እኔ በልቤ «ሐኪም ቤት የገባ ሰው እኮ ይወጣል» እያልኩ ነበር። ሦስተኛው ጥሪ ጥርት ብሎ ገባ። የእኛ አገር ኔትወርክ የወሬው ክፉ ክፍል ላይ ሲደርስ ከየት እንደሆነ አላውቅም፣ ጉልበት ያገኛል።

ጉበቱ ነው አሉ። አርባ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሱቁን ሳልዘጋ ወጣሁ። ሌባ ቢገባ ኖሮ ደህና ቀን ይሆንለት ነበር።

በከተማችን በኮሶበር ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። «የአይጡ መምህር» ካላችሁ ግን ባጃጅ ነጂው ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መድኃኒት ያስተምር ነበር። እኔ ደግሞ ከገበያው በታች ባልዲ፣ ድስት፣ ብርጭቆ የምሸጥ ሰው ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ደንበኛ አስተምሮኛል፣ ክፍያውም ቀላል አልነበረም። ታዲያ እንደዚህ ያለ ሰውና እንደኔ ያለ ሰው ምን አገናኛቸው ብትሉ፣ የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ሱቄ የመጣ ቀን ዝናብ ነበር ብል ምንም አልነገርኳችሁም። ዝናብ የሌለበትን ቀን ነው ለይቶ መናገር። እርጥብ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው ገባና መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ውስጠኛ ጠርዝ ጠረገው። መልሶ አደረገና የላይኛውን መደርደሪያ ያይ ጀመር።

«ከሥር እስከ አፉ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ የሚታይ፣ ረዘም ያለ ዕቃ ይኖርዎታል?»

«ለማር ነው?»

«ለውሃ ነው።»

«ለውሃ ጆግ አለ።»

«ጆግ አፉ ላይ ከንፈር አለው። እሱን ይዞ ይወጣብኛል።»

«ማን ነው የሚወጣው?»

ሰውየው በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የሰርግ አዳራሽ የሚያስጌጡ ሰዎች አዘውኝ ሳይወስዱ የቀሩ ረጃጅም የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫዎች ነበሩ። አውርጄ ሰጠሁት። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ውስጡን ዳሰሰ። «እስኪ እንየው» ብሎ ከበርሜሌ ውሃ ቀድቶ ሞላበት፤ ጎንበስ ብሎ በጎን አየው። ከዚያ ያለኝን በሙሉ ገዛ፤ አንድም ጊዜ «ቀንስ» አላለም። የማይከራከር ገዢ ነጋዴን ያሳስበዋል።

«ሰርጉ መቼ ነው መምህር?» አልኩት።

«ሰርግ የለም። አይጥ ላዋኝበት ነው» አለ፤ ደረቱን ነፍቶም አፍሮም አይደለም።

በዚያው ሳምንት የአይጥ ወጥመድ በጅምላ አስመጥቼ መስኮቴ ላይ ደርድሬ ነበር። ሲወጣ ቆም ብሎ አያቸው።

«እነዚህ ይሸጣሉ?»

«ከአበባ ማስቀመጫው የበለጠ።»

ሳቀና ሄደ። ያን ቀን ገበያው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰው የሚገድለውን እሱ ዋና ያስተምራል፣ ደመወዝ የሚበላው ለዚህ ነው፣ ተባለ። በሳምንቱ ተመልሶ ለስለስ ያለ የሕፃን ፎጣ ሲጠይቀኝ ደግሞ እኔው ራሴ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ዋና ከወጡ በኋላ ይበርዳቸዋል» አለኝ።

አንድ ቀን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ኋላ ቆርቆሮ ለብሳ የተሠራች ክፍል ናት። ውስጧ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። በየሳጥኑ ነጫጭ አይጦች፣ ቀይ ዓይን ያላቸው፣ ከእኛ ቤት አይጦች ጋር ዘመድ ናቸው ቢባል የማይመስሉ። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ስለሚጠፋ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ከሰል በምድጃ ይነድዳል፤ መስኮቷም ለጭሱ ገርበብ ትላለች። አይጦቹን የሚመግቡትና ሳጥኑን የሚያጸዱት እትዬ ወርቄ ናቸው፣ የገጠር ሴት፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከአይጦቹ ጋር በአዊኛ ነበር የሚነጋገሩት። «አማርኛ አይሰሙም እንዴ?» ስላቸው «ለእኔ ከእነሱ ጋር ማውራቱ በአፍ መፍቻዬ ነው የሚቀናኝ» አሉኝ።

ልየው አንዱን አይጥ በጅራቱ ሥር ይዞ፣ በሌላው መዳፉ ደግፎ፣ ለብ ያለ ውሃ በሞላው የኔ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ አስገባው። አይጡ ዙሪያውን ዋኘ፤ ብርጭቆውን ቧጠጠ፤ አሁንም ዋኘ። ቆይቶ ግን እጅና እግሩን አቆመና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ተንሳፈፈ።

«ይህቺን ጊዜ ነው የምለካው» አለኝ ልየው በሹክሹክታ፣ አይጡ እንዳይሰማ ይመስል። «ቶሎ የሚንሳፈፈው ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። የድባቴ መድኃኒት ከተሰጠው ግን ትግሉን ያራዝማል።»

«መምህር፣ ይሄ ተስፋ አልቆረጠም። መውጫ እንደሌለ ገባውና ጉልበቱን ቆጠበ። እኔም ክረምት ላይ ገዢ ሲጠፋ እንደዚሁ ነኝ።»

«እንደርስዎ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። ለዚህ ነው ‘ይመስላል’ ያልኩት። ‘ይመስላል’ እና ‘ነው’ በአንድ ዋጋ አይሸጡም።»

ይህን ነገር ደጋግሞ ይለው ነበር፣ ከ«እስኪ እንየው» ቀጥሎ። ዋጋ ብትነግሩት እስኪ እንየው፣ ነገ ዝናብ አይጥልም ብትሉት እስኪ እንየው። ሚስት እንፈልግልህ ስለው እንኳ መልሱ ያው ነበር፤ መነጽሩን እያወለቀ። አይጡን ከውሃው አውጥቶ በሕፃን ፎጣ ሲያደርቀው አየሁት። ጆሮውን ሳይቀር ቀስ ብሎ። ሙከራው ካለቀ በኋላ እነዚህ ወዴት ይሄዳሉ ብዬ ጠየቅሁት። ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠና «አይሄዱም» አለ። አይጦቹ የሚገደሉበት ቀን ሲሆን ምሽት ላይ ሱቅ አይመጣም ነበር።

በሌላው ቀን ግን ይመጣል። ብቻውን በሚኖርበት ኪራይ ቤት ግድግዳ ከማየት የኔን ድስት ማየት ይሻለዋል መሰለኝ። ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ደንበኛ ሲገባ ተነሥቶ ይቆማል፣ እሱም የሚሸጥ ይመስል። ብዙም አናወራም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሳልጠይቀው ለምን አይጥ እንደሚያዋኝ ነገረኝ።

የሚሞክረው የድባቴ መድኃኒት አይደለም። ሁላችንም ጉልበታችንን ወይም ወገባችንን ሲያመን የምንውጠው የህመም ማስታገሻ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ጽፌው ነገ አንዱ ሄዶ እንዳይገዛ። እናቱ እማማ አትጠገብ የሚኖሩት ዳንግላ ነው። አባቱ ከሞቱ በኋላ እናቱ ከአልጋ መነሣት ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ልጃቸው ጭንቀትና ድባቴ የሚያክም ሐኪም ጋ ልውሰድሽ ቢላቸው «እኔ እብድ አይደለሁም» ብለው አልንቀሳቀስ አሉ። በኋላ ለጉልበታቸው ያን ማስታገሻ ጤና ጣቢያ ሰጣቸው። ወሰዱና «ጉልበቴን ብቻ አይደለም፣ ልቤንም ቀለል አደረገልኝ» አሉት። ተነሡ፤ በር ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ተገላገልክ» አልኩት።

«ጨጓራዋን እየበላው ነው፣ ጋሽ ኑሩ። ከባድ ቁስል አለባት፣ ሐኪሞቹ ተይ ብለዋታል። እውነት ልቧን የሚያነሣት ከሆነ ነጥቄ ወደ ግድግዳው ልመልሳት ነው? ካልሆነ ደግሞ በከንቱ እየደማች ዝም ብዬ ላያት ነው? ማስታገሻ ስሜትን ይነካ ይሆን ብለው የጠረጠሩ ሌሎችም አሉ። እኔ ግን ለእሷ ስል ማወቅ አለብኝ።»

በየሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳንግላ ይሄድ ነበር፤ ክኒኑን ይዞላቸው፣ ከምግብ በኋላ ውሰጂ እያለ እየለመናቸው።

ሙከራው አለቀና ውጤቱ ወጣ። ያን ቀን ልየው ባልዲው ላይ አልተቀመጠም፤ ሱቋ ውስጥ ይዞር ነበር። ማስታገሻውን የወሰዱት አይጦች ካልወሰዱት ይልቅ ረጅም ጊዜ ታግለዋል። እዚያው እፊቴ እናቱ ጋ ደወለ፤ ለእኔም እንዲሰማኝ ድምፁን ከፈተው።

«እማ፣ እውነትሽን ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ልብም ይነካል መሰለኝ።»

«እኔ ምን አልኩህ!» አሉ እማማ አትጠገብ። «ዓመት ሙሉ አይጥ ከምታዋኝ እኔን ብትጠይቀኝ አይበቃም ነበር?»

እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የሥራ ባልደረቦቹን ዳቦና ለስላሳ ሊጋብዝ አሰበ፤ እኔንም ጠራኝ። የአይጦቹ ክፍል በር ላይ ቆመን ለስላሳ እንጠጣለን። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ንግግር አደረገ፤ ይህ ሥራ ታትሞ ልየውን ወደ ከፍተኛ ማዕረግ እንደሚያደርሰው ተናገረ። ልየው ተራው ደርሶ ሁሉንም አመሰገነና ወደ እትዬ ወርቄ ዞረ።

«እትዬ ወርቄም ይመስገኑ። በዚህ ብርድ አንድም አይጥ አልሞተብንም።»

«እኔ ምን አደረግሁ ልጄ፣ ከማሞቅ በቀር» አሉ።

ሰው ሳቀ። ልየውም መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«የትኞቹን ነው የሚያሞቁት?»

«ቀዮቹን ነዋ።»

ማስታገሻ የሚሰጣቸው አይጦች ሳጥን ላይ ቀይ ክር ይታሰር ነበር፤ ባዶ ውሃ የሚሰጣቸው ላይ ነጭ።

«ቀዮቹን ብቻ?»

«መድኃኒት የሚጠጡት እነሱ አይደሉ እንዴ? አንተው አይደለህ የነገርከኝ? መድኃኒት ጠጥቶ ብርድ የመታው ምን ሊተርፍ ነው! ጧት ጧት ምድጃውን ሳቀጣጥል ቀዮቹን ወደ እሳቱ ጠጋ አደርጋቸዋለሁ። ነጮቹ ምንም የለባቸውም፣ ጤነኞች ናቸው፣ ከመስኮቱ በኩል ይቆያሉ። አንተ ስትመጣ ደግሞ ሁሉንም በየቦታቸው እመልሳለሁ፤ የሠራኸውን አላበላሽብህም።»

በእትዬ ወርቄ ማን ይፈርድባቸዋል? በእኛ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ እሳት አጠገብ ይውላል። እናቴ ለራስ ምታት ክኒን ስታውጠኝ እንኳ በር ትዘጋብኝ ነበር። እዚያ ከቆሙት የተማሩ ሰዎች ውስጥ መርፌ ተወግቶ ሲወጣ ኮፍያ የማያደርግ ቢኖር ወጥመድ በነፃ እሰጠዋለሁ።

ልየው መነጽሩን አወለቀ። በሹራቡ ጠርዝ ጠረገው፣ ጠረገው፣ መስታወቱ የሚሰበር እስኪመስለኝ። ከዚያ እትዬ ወርቄ ጋ ሄዶ እጃቸውን ያዘ።

«ምንም አላጠፉም። የቱ የቱ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?» አሉ ዙሪያቸውን እያዩ።

የክፍሉ ኃላፊ ልየውን ወደ ጎን ሳበው፤ እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። «ነገሩን አታክብደው። ስለ ከሰል ምድጃ የሚጠይቅህ ማንም የለም» አለው።

«እኔ ጠይቄያለሁ» አለ ልየው። «ክኒኑ ይሁን እሳቱ አላውቅም።»

እንደገና ጀመረ። አዲስ አይጦች፣ አዲስ ሳጥኖች፣ ክሩ ተፈትቶ የቱ የቱ እንደሆነ እሱ ራሱ እስከ መጨረሻው እንዳያውቅ ተደርጎ። ሁሉም በየተራ ምድጃው አጠገብ ይሆናሉ። እትዬ ወርቄ በዚህ አልተስማሙም፤ በሽተኛና ጤነኛ በማይለይበት ቤት መሥራት ይከብዳል ብለው አጉረመረሙ፣ ግን አደረጉት። ባልደረቦቹ ምሳ ሲሄዱ አይጠሩትም ጀመር። ተጣልተውት አይደለም፤ ከደስታው ድግስ በኋላ ምን እንደሚሉት ጠፍቷቸው ነው። ዳቦውን ሱቄ በር ላይ ቆሞ ነበር የሚበላው።

ለእናቱ ግን ምንም አልነገራቸውም። «ሳላውቅ አንድ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ ሳላውቅ ሁለተኛ አልነግራትም» አለኝ። ይህ ሲያንገበግበው ከረመ። ክኒኑን በየቅዳሜው መውሰዱን አላቋረጠም፤ ሲሄድ ግን ሸክም የያዘ ሰው ይመስል ነበር፣ ክኒኑ ኪስ የማይሞላ ሆኖ ሳለ።

ሁለተኛው ውጤት የወጣ ቀን መጥቶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

«ምንም» አለ።

«ምኑ ነው ምንም?»

«ልዩነት የለም። የወሰዱትም ያልወሰዱትም እኩል ይንሳፈፋሉ።»

«እንግዲህ ክኒኑ ለልብ አይሠራም ማለት ነው።»

«በኔ አይጦች ላይ፣ በሰጠሁት መጠን፣ እዚያች ክፍል ውስጥ አልሠራም ማለት ነው። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም።»

እንደዚያ ተሰብሮ እንኳ ሚዛኑን አላጋደለም። እኔ ብሆን ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም ብዬ ዕቃውን እጨርስ ነበር።

ያን ሳምንት ለእናቱ ሄዶ ሊነግር ተዘጋጅቶ ሳለ መንገድ ተዘጋ። ሚኒባስ የለም፤ ስልክም የለም። ቅዳሜዎች አለፉ። ልየው ሱቄ በር ላይ ቆሞ ወደ ዳንግላ የሚያወጣውን መንገድ ያያል፣ ከዚያ ይመለሳል። «ክኒኑስ አላለቀባትም፤ ብዙ ነው ትቼላት የመጣሁት» ይለኝ ነበር፣ ጥሩ ነው ልበል መጥፎ ነው ልበል ሳያውቀው።

መንገዱ የተከፈተ ቀን እኔም ዕቃ ላመጣ ስለነበር አብረን ሄድን። ቤታቸው ስንደርስ ጎረቤቲቱ በር ላይ አገኘችን። «ከሄድክ ወዲህ አልተነሡም። እህልም በልመና ነው» አለችው።

ገባን። እማማ አትጠገብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። መስኮቱ ላይ የክኒኑ ሽፋን ተከምሯል፣ ሁሉም ባዶ። አንድም ቀን አላቋረጡም ማለት ነው። ልየው ሽፋኖቹን አንስቶ አየና ቀስ ብሎ መለሳቸው።

«እማ።»

«መጣህ?» ዞሩ። ክንዳቸውን ተደግፈው ተነሥተው ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ወደ እኔ አዩ። «ይህ ማን ነው?»

«ጋሽ ኑሩ ነው። የአበባ ማስቀመጫውን የሸጠልኝ።»

«የአይጥ ማዋኛውን? አንተ ነሃ ልጄን ያበላሸኸው!»

«እኔ ባልሸጥለት ከሌላ ይገዛ ነበር እማማ። ቢያንስ የኔ አያፈስስም።»

ሳቁ፤ ሲስቁ ግን እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ጣሉ። ልየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ቀይ ክሩን፣ ነጩን፣ እትዬ ወርቄን፣ ምድጃውን። እማማ አትጠገብ በጥሞና ሰሙት። አንድም ቃል ያለፋቸው አልመሰለኝም።

«ሴትዮዋ ደግ ናት» አሉ።

«ደግ ናት።»

«እና ያበረታቸው እሳቱ ነው?»

«እሱ ሳይሆን አይቀርም። ክኒኑ ላይ ያየሁት ነገር የለም። ጨጓራሽን ግን እየበላው ነው። እንድትተዪው ልለምንሽ ነው የመጣሁት፣ እማ።»

«እኔን ግን ቀለል ያደርገኛል እኮ ልጄ። ውሸት አልነገርኩህም።»

«አውቃለሁ። መቼ መቼ ነው ቀለል የሚልሽ?»

አሰቡ። የልጃቸው ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር አሰቡ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ» አሉ።

ክኒኑን በየቀኑ ነበር የሚውጡት። ቅዳሜ የሚመጣው ልየው ነው። እሳቸው ያሉት ነገር ምን እንደሆነ አላስተዋሉትም፤ እግራቸውን ወደ መሬት አውርደው ጫማቸውን ይፈልጉ ነበር፣ ለእንግዳ የሚቀመስ ሊያቀርቡ። ልየው መነጽሩን አወለቀው፤ ይህን ጊዜ ግን ሳይጠርገው እጁ ላይ ይዞት ቀረ። ክኒኑንም ያን ቀን ተዉት። ክርክር የጠበቅሁ እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው «አንተ ካልክ» ብለው ጨረሱት።

ስንመለስ ልየው በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጦ አዲስ ቅዳም ደረስን። ከመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ እያየ ነበር።

«ቤቱን ልለቅ ነው» አለኝ። «ዳንግላ እያደርኩ እመላለሳለሁ።»

«በየቀኑ? በዚህ መንገድ?»

«እስኪ እንየው።»

ሄደ። ጧት በሚኒባስ ይመጣል፣ ሲመሽ ሳይዘገይ ይመለሳል፤ መንገድ ሲዘጋ እዚያው ይቀራል፣ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ሱቅ መምጣቱ ቀረ። እኔም ባልዲውን ገልብጬ ማስቀመጡን አልተውኩም ነበር፤ ደንበኛ ተሰብሯል ብሎ ዋጋ እንዲቀንስለት ሲጠይቅ ነው ያነሣሁት። አንዳንድ ጊዜ መናኸሪያ አገኘዋለሁ።

«እናትህ እንዴት ናቸው?»

«ዛሬ ተነሥታ በር ላይ ወጣች» ይለኛል። በሌላው ቀን «ዛሬ አልተነሣችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ» ይለኛል። ጨጓራቸው ተሽሏቸዋል። ኀዘናቸው ግን ቅዳሜ በየቀኑ ስለሆነላቸው ብቻ ጥሏቸው አልጠፋም። ዳነች ብሎኝ አያውቅም። ያልሆነውን ማለት አይችልበትም።

ሥራውንስ? ያገኘውን ጻፈው፣ ምድጃውንም ጭምር። የሚያትምለት አላገኘም፤ ማዕረጉም ቀረ። «ያልሠራ መድኃኒት ወሬ ማን ይገዛል መምህር?» ብዬ ላሾፍበት ሞከርኩ። «ያልሠራ መሆኑን ሳያውቅ የሚውጠው ሰው» አለኝ፤ ሚኒባሱ ሊሄድ ስለሆነ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሆናል፤ ዓይኑ ቢጫ መሆኑን ያየሁት ግን በመጨረሻው ነው።

ለቅሶው ላይ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። መንገድ አላደረሰኝም። ዳንግላ ያ ቤት በር ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ሰዎች አንድ ረድፍ ወንበር ይዘው ስልካቸውን ያያሉ። ውስጥ ገባሁ። እማማ አትጠገብ አልጋው ላይ አልነበሩም። መሬት በተነጠፈው ላይ ግድግዳውን በጀርባቸው ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አድርገው ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቲቱ ውሃና ክኒን ይዛ መጣች። ሽፋኑን ከሩቅ ለየሁት፤ ያው ነው።

«እማማ፣ ይህቺን ይዋጧት እንጂ። ከቀብሩ ወዲህ ዓይንዎ አልተከደነም። ያኔ ቀለል ታደርግዎት አልነበር? በሞቴ።»

ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏት፤ ይዋጡ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ምን ይላል አሉ። እማማ አትጠገብ ክኒኑን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ለምን እንደያዝኩ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ መልሰው እጇ ላይ አኖሩላት።

«ለጉልበት ነው ይሄ» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል እንጂ አልተንቀጠቀጠም። «ለእንደዚህ ዓይነቱ አይሆንም። ልጄ ሞክሮታል።»

ዞር ዞር ብለው አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ። በጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ና ኑሩ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ።